በጅቡቲ ሙቀት ሞተር ሳይክልና የሞተር ልብስ እንዴት እንምረጥ?



ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ ለሥራ የወረዱ ወገኖቻችን ጥቂት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ወይም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሲላክላቸው፣ ሞተር ሳይክል መግዛት ያስባሉ። አንዳንዱ ዕቃ ለማድረስ፣ ሌላው በየቀኑ የሚኒባስ ሒሳብ ላለመክፈል ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሳይገዙ በፊት እኔን ምክር ይጠይቁኛል። መካኒክ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሥራዬ መምህርነት ነው። የሚጠይቁኝ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ስለሚያዩ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ አንድ በአንድ ከመደጋገም በጽሑፍ ማቅረቡ ይሻላል ብዬ ይህን አዘጋጅቻለሁ።

የጠባሳው ታሪክ አጭር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን አንድ ያገለገለ ባለ 250 ሲሲ ክሮስ ሞተር ገዛን። ቁመናው ያምራል፤ ድምፁም ይጣራል። መቀመጫው ግን ከፍ ያለ በመሆኑ ቆሜ ስይዘው መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። ጥር በጅቡቲ መልካም ወር ነው። ከባልባላ ወደ መሐል ከተማ ስወርድ የባሕሩ ነፋስ ደስ ይላል። ከአገር ቤት ይዤ የመጣሁትን ጥቁር የቆዳ ጃኬት ለብሼ፣ ጥቁር ሄልሜት ደፍቼ ስሄድ ራሴን እንደ ክብር ዘበኛ አጃቢ እቆጥር ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ ጃኬቱ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ጓንቱ ቀረ። ከዚያ ጫማው በሸበጥ ተተካ። በመጨረሻም ሄልሜቱ ከራሴ ወርዶ ክርኔ ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ የባልባላን ቁልቁለት ስወርድ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፤ እግሬን ለመትከል ብሞክር መሬቱ አልደረሰልኝም፤ ከነሞተሩ በጎን ወደቅሁ። ግንባሬ ዘጠኝ ቦታ ተሰፋ። ክርኔ ግን አንድም ነገር አልነካውም፤ ሄልሜት ውስጥ ነበርና።

አልጋ ላይ ሆኜ ሳስበው ጥፋቱ የሐምሌ ሳይሆን የጥር ሆኖ አገኘሁት። በጥር ስገዛ ለጥር ነው የገዛሁት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይለካ፦ ይህን ሞተርና ይህን ልብስ በሐምሌ ቀትር ላይ ሳላወልቀው እችለዋለሁ ወይ?

ሙቀቱ ምን ያደርገናል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጅቡቲ ከተማ ደግሞ ባሕሩ አፍ ላይ ናት። ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ሚያዝያ ቀኑ ከሞላ ጎደል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይውላል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት አቧራ የተሸከመ ደረቅ ነፋስም ከምዕራብ በኩል ይነፍሳል። ካምሲኑ ከመጀመሩ በፊትና ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ወበቅ ናቸው። ነፋስ የለም፤ ላብ አይደርቅም።

ብዙ ሰው "ሞተር ላይ ነፋስ ስላለ ይቀዘቅዛል" ይላል። ይህ እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነት ነው። የቆዳችን ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ33 እስከ 35 ዲግሪ ይሆናል። ትኩስ ሻይ እፍ ስንልበት የሚበርደው ትንፋሻችን ከሻዩ ስለሚቀዘቅዝ ነው። አየሩ ከቆዳችን ሲሞቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ በማራገቢያ ማራገብ ማንንም አያቀዘቅዝም። አየሩ 42 ዲግሪ በሆነበት ቀን እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሄድ እንደዚያው ነው። ነፋሱ ሙቀት ይጨምርልናል፤ ላባችንንም ፈጥኖ ያደርቀዋል። ነጂው አላበኝም ብሎ ሲያስብ በውስጡ ውሃው እያለቀ ነው። የአፋርና የኢሳ ዘላኖች በቀትር ተራቁተው የማይሄዱት ይህን ከእኛ በፊት ስላወቁት ነው። ሰፋ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ልብስ ይለብሳሉ።

በወበቅ ቀን መፍትሔው ይለያል። አየሩ ራሱ በውሃ ስለተሞላ ላብ አይተንም፤ ስለዚህ ነፋስ የሚያስገባ ልብስና አዘውትሮ ጥላ ሥር ማረፍ ካልሆነ ሌላ መላ የለውም።

ስለ ሞተሩ

በመጀመሪያ የማየው መጠኑን ነው። ለዚህ ከተማ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያለው ከበቂ በላይ ነው። ባጃጅ ቦክሰር፣ ቲቪኤስ ኤች ኤል ኤክስ፣ ያማሃ ዋይ ቢ አር 125 እና መሰሎቻቸው በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ለሥራ የሚያገለግሉ ናቸው። ሆንዳ ሲጂ 125 ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆች አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ለእኛው ዓይነት አገር ታስቦ የተሠራ ነው። ሰው ዘይት መቀየር ቢያዘገይ፣ መንገዱ አቧራ ቢሆን እንዲችል ተብሎ ነው የተነደፈው። ስም ግን ብቻውን አይበቃም። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ የዚያን ሞተር ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ገመድና ፊልትሮ መኖሩን ጠይቁ። አንድ ገመድ ከውጭ እስኪመጣ ሞተር ለወር ሲቆም አይቻለሁ።

ቀጥሎ ተቀመጡበት። ሁለቱም እግራችሁ በሙሉ መሬት ይርገጥ። ጣት ብቻ ከነካ፣ የጠባሳዬን ታሪክ አስቡ። እጃችሁ መሪውን ሲይዝ ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፍ፤ ወገባችሁ ቀጥ ይበል፤ ጉልበታችሁም ከታንኪው ጋር አይጋፋ። ወደ ፊት አጎንብሰው የሚነዱት የውድድር ዓይነት ሞተሮች ክብደታችንን በእጅ አንጓ ላይ ስለሚጥሉ በከተማ ትርፋቸው ድካም ነው። ሻጩ ከፈቀደ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ንዱት። ወገብ መቀመጫው ጥሩ መሆኑንና አለመሆኑን የሚናገረው ከ20 ደቂቃ በኋላ እንጂ ሱቅ በር ላይ አይደለም።

ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀትም መታየት አለበት። ትልቅ ሞተር መብራት ላይ ሲቆም ሙቀቱ በቀጥታ ወደ ጭንና ወደ ባት ይመጣል። በፕላስቲክ ሽፋን የተከበበ ሞተር ደግሞ ሙቀቱን አምቆ ይዞ ወደ ነጂው ይገፋዋል። የሞተሩ ሲሊንደር ለነፋስ የተጋለጠ፣ የማርሚታው መከላከያ ቆርቆሮ ያልወለቀ ይሁን። ኋላ የሚቀመጥ ሰው ባቱ የሚቃጠለው በዚያ ቆርቆሮ መጥፋት ምክንያት ነው። የፊት መስታወት የተገጠመለት ሞተር በአገር ቤት ብርድ ይከላከል ይሆናል፤ በጅቡቲ ወበቅ ግን ያለችንን ጥቂት ነፋስ ስለሚከለክል እኔ አልመክረውም።

ቬስፓና መሰሎቹ ስኩተሮች መናቅ የለባቸውም። ሞተራቸው ከመቀመጫው ሥር ስለሆነ ጭንን አያቃጥሉም። እግር የሚያርፍበት ወለል ስላላቸውም ቀሚስ ለሚለብሱ እህቶቻችን ይመቻሉ። ጎማቸው ትንሽ በመሆኑ ግን በባልባላ ውስጥ ውስጡ ባለው ኮረትና ጉድጓድ ይቸገራሉ። መንገዳችሁ አስፋልት ብቻ ከሆነ አስቡበት።

ከአገር ቤት በተለይም ከደጋው የመጣ ሞተር ለሚገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ካርቡራቶር ያለው ሞተር በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ የተስተካከለ ከሆነ፣ አየሩ እዚያ ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚሰጠው ቤንዚን በዚያ ልክ የተቀነሰ ነው። እዚህ ባሕር ዳርቻ ወርዶ ወፍራም አየር ሲያገኝ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ከልክ በላይ ይግላል። ካንዴላው ነጥቶ ከተገኘ ይህ አንዱ ምልክት ነው። መካኒኩ ካርቡራቶሩን ለዚህ ከፍታ ያስተካክለው። በኮምፒዩተር ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ይህን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ያገለገለ ሲገዛ ጎማውን ሳያዩ መክፈል ስህተት ነው። የጅቡቲ ፀሐይ ጎማን ሳይነዳም ያስረጀዋል። ጎኑን ብትመለከቱ አራት አኃዞች ተጽፈው ታገኛላችሁ፤ ለምሳሌ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ጥሩ ሆኖ ጎኑ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ጎማ አትቀበሉ። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቀትር ላይ ለክቶ "በዝቷል" ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው በማግስቱ ጠዋት ባነሰ ንፋስ ይነዳል።

ጨውና አቧራ ሁለቱ የዚህ ከተማ ብሎች ናቸው። ካቴናውን በየጊዜው ጠርጎ ዘይት መቀባት፣ ሞተሩን በጨዋማ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ካምሲን ካለፈ በኋላ የአየር ፊልትሮውን ከፍቶ ማጽዳት ያስፈልጋል። ዘይቱ አምራቹ ለሙቅ አገር የፈቀደው ይሁን፤ ልኩንም በየሳምንቱ እዩ። ታንኪውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ቤንዚን በሙቀት ያብጣል። ስታቆሙም ጥላ ፈልጉ፤ ከሌለ መቀመጫው ላይ ነጭ ጨርቅ ጣሉበት። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር መቀመጫ ላይ በቀጭን ሱሪ የተቀመጠ ሰው ለምን እንደምል ያውቃል።

ስለ ሄልሜት

እዚህ ሱቅ ስትገቡ ካስክ ብላችሁ ጠይቁ። ሄልሜት ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙ መናገር ባያሻም፣ ነገሩ የተጀመረበትን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ስለሚወዱት እዚህም ላምጣው።

ከቀይ ባሕር ማዶ በዐረብ ምድር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስሙ የገነነው እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎረንስ ሞተር ሳይክል ወዳጅ ነበር። በሜይ 1935 በአገሩ መንገድ ላይ በብስክሌት የሚሄዱ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ተመትቶ ከስድስት ቀን በኋላ በ46 ዓመቱ ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ካዩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሲሆን፣ ነገሩ ከልቡ ስላልወጣ ሞተር ነጂዎች በምን እንደሚሞቱ ማጥናት ጀመረ። በ1941 ያሳተመው ጽሑፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያዎቹ 21 ወራት ውስጥ በብሪታንያ 2,279 የሞተር ነጂዎችና ኋላ ተቀማጮች በመንገድ አደጋ መሞታቸውን ያሳያል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ጦር መልእክተኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። በ2008 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ደግሞ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ አስፍሯል።

"ይህ ሁሉ የቀዝቃዛ አገር ወሬ ነው" የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ቬትናምን እንይ። ወበቋ ከእኛ አይተናነስም። ሕዝቡ ሄልሜትን የሩዝ ድስት እያለ ይቀልድበት ነበር፤ እንደ ድስት ይቀቅላል ለማለት ነው። ከዚያ ቀለል ያለና የአየር ቀዳዳ ያለው ለሙቅ አገር የሚሆን ሄልሜት እዚያው መሠራት ጀመረ። በዲሴምበር 15 ቀን 2007 በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ የሚያደርገው ደንብ ሥራ ላይ ሲውል፣ የሚያደርገው ሰው በአጭር ጊዜ ከመቶ ዘጠና በላይ ሆነ። ሙቀቱ አልቀነሰም። የተለወጡት ሄልሜቱና ሕጉ ናቸው።

ምርጫው እንዲህ ነው። አገጭን ጭምር የሚሸፍነው ሙሉ ሄልሜት ከሁሉ ይበልጣል፤ በፊቱ የሚወድቅ ሰው መንጋጋውን ያድናልና። ሲገዛ ግን በግንባሩና በአገጩ በኩል የሚከፈት፣ ከኋላም አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው። ከላይ የሚታየው ቀዳዳ ውስጥ ድረስ መዝለቁን በጣታችሁ አረጋግጡ፤ ለጌጥ ብቻ የተሠራ አለ። ሙሉውን ሞክራችሁ በሙቀቱ የማትችሉት መሆኑን ካወቃችሁ ፊቱ ክፍት የሆነውን ግዙ። አንዳንድ ሰዎች በዚህ አይስማሙኝም። እኔ ግን ክርን ላይ ከሚንጠለጠል ሙሉ ሄልሜት፣ ራስ ላይ የሚውል ክፍት ሄልሜት እመርጣለሁ። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ቆብ ግን ሄልሜት አይደለም፤ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ ነው የተሠራው።

ቀለሙ ነጭ ይሁን። ነጭ ፀሐይን ይመልሳል፤ ከዚያም በላይ ይታያል። በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ከተማ ተጠንቶ በ2004 የታተመ ጥናት ነጭ ሄልሜት ያደረጉ ነጂዎች ጥቁር ካደረጉት ይልቅ የአደጋ ዕድላቸው በ24 ከመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

እውነተኛውን ከአሻንጉሊቱ ለመለየት የውስጡን ምልክት ተመልከቱ። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 22 መሠረት የተፈተነ ሄልሜት በክብ ውስጥ ኢ የሚለው የላቲን ፊደልና የአገር ቁጥር ያለበት ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ ይሰፋል፤ ለምሳሌ 2 ቁጥር ፈረንሳይ ናት። ምልክቱም ሊመሰል ስለሚችል በእጃችሁም ፈትኑት። ውስጡ ጠንካራና ወፈር ያለ ፎም ሊኖረው ይገባል፤ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ተውት። አድርጋችሁ ማሰሪያውን ካሰራችሁ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ግፉት፤ ከወለቀ አይሆናችሁም። ግራና ቀኝ ስታወዛውዙት የጉንጫችሁ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት በመጀመሪያው ግጭት ከራስ ይበራል። ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ፤ አንድ ጊዜ በኃይል የተመታ ፎም ተጨፍልቆ ስለሚቀር ሁለተኛ አያድንም፤ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም።

ላቡ ለሚያስቸግረው ሰው ቀላል መላ አለ። ስስ የጥጥ ሻሽ ከሥር ማሰር ነው። ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይታሰራል። የዓይን መከለያው ጥርት ያለ ይሁን፤ ጥቁሩ ማታ ዕውር ያደርጋል። አቧራ ሲይዘው በደረቅ ጨርቅ ማሸት መስታወቱን ይፍቀዋልና መጀመሪያ ውሃ አፍስሱበት።

ስለ ልብስና ጫማ

የቆዳ ጃኬቴን በመጨረሻ ወደ ደጋ ለሚሄድ ሰው ሸጥኩት። ለዚህ አየር የተሻለው እንደ መረብ ሆኖ የተሠራውና ትከሻው፣ ክርኑና ጀርባው ላይ ጠንካራ መከላከያ ያለው ጃኬት ነው። ነፋስ ያልፍበታል፤ ሲወድቁም ይከላከላል። በካምሲን ቀን ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ በውሃ ነክሮ፣ ጨምቆ መልበስ እንደ ኮዳ ውሃ ያቀዘቅዛል። ኮዳ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀዘቅዘው ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ አይደለም? ይኸው ነው። በወበቅ ቀን ግን ይህ አይሠራም።

ዋጋው የሚከብደው ሰው ወፈር ያለ፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ እጅጌው ረጅም የካኪ ኮት ይልበስ፤ የክርንና የጉልበት መከላከያ ለብቻው ገዝቶ ከሥር ማሰር ይችላል። ስስ ሸሚዝ አስፋልት ላይ ሲንሸራተት በአፍታ ይቀደዳል፤ በዚህ ፀሐይ የዋለ ጥቁር አስፋልት ደግሞ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ቁስሉ የመፋቅም የቃጠሎም ይሆናል። በካምፕ ያሉ ልብስ ሰፊዎቻችን ከቢጫ ጨርቅ አንጸባራቂ ጥብጣብ ያለው ሰደርያ ሊሰፉ ይችላሉ። የእኔን ያሰፋሁት እንዲሁ ነው።

ጓንት ብዙ ሰው ይንቃል። ሲወድቅ ሁሉም ሰው ቀድሞ እጁን ነው የሚዘረጋው። ስስ የፍየል ቆዳ ጓንት አይከብድም፤ የጋለ መሪ ሲይዙም ያግዛል። ሸበጥ የሞተር ጫማ አይደለም። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ያስፈልጋል። ከቀድሞ ሠራዊት የነበሩ ወንድሞቻችን የሚያውቁት የሸራ ቡትስ ለዚህ አገር ጥሩ ነው።

አንድ ነገር በተለይ ለእህቶችና ለእናቶች፣ ሽርጥ ለሚያገለድሙ ወንድሞችም ጭምር። የነጠላ ጫፍ፣ የሻል ጫፍ፣ የሽርጥ ጫፍ ከኋላ ጎማ ወይም ከካቴና ጋር ከተያያዘ ሰውን ጎትቶ ይጥላል፤ አንገት ላይ የተጠመጠመ ከሆነ ደግሞ ያንቃል። ሳትቀመጡ በፊት ጫፉን ከሥር አስገቡ፤ ነጂውም ዞር ብሎ ይይ። ኋላ የሚቀመጥ ሰው ሄልሜት ከሌለው አይቀመጥ።

ስለ ውሃ

ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ከሞተሩ ጋር ይታሰር። መጠጣት ሲጠማ ሳይሆን ከመጠማት በፊት ነው። ብዙ ላብ ለወጣው ሰው ውሃ ብቻ አይበቃም። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁሉም ያልተቆለለ፣ በጥብጦ መጠጣት ነው። ጨው አይብዛ።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም የጡንቻ መኮማተር ከተሰማችሁ ያኔውኑ ቁሙ። "እዚያች ጋ ልድረስ" አትበሉ። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለና ንግግሩ የተምታታበት ሰው ካያችሁ ጥላ ሥር አድርጋችሁ፣ ሄልሜቱንና ጃኬቱን አውልቃችሁ፣ ሰውነቱን በውሃ እያረጠባችሁ አራግቡለት፤ በአስቸኳይም ወደ ሐኪም ይወሰድ። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አትስጡ። ጾም ላይ ያለ ሰው፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ የቀትሩን ጉዞ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማምሻ ያዙረው። ስለ ጫትም ልበል፤ ከአገራችን የሚመጣው ጫት ቀትር አካባቢ ከተማ ሲገባ መንገዱ ሁሉ ይሮጣል። በዚያ ሰዓት የምትነዱ ከሆነ ቀስ በሉ፤ ቅማችሁ ከሆነ ደግሞ ድካሙና ጥሙ ስለማይሰማችሁ አትንዱ።

ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ

ዝናብ በጅቡቲ በዓመት ጥቂት ቀን ነው፤ ሲመጣ ግን ቀልድ አያውቅም። በኤፕሪል 2004 የአምቡሊ ሸለቆ ሞልቶ ከ50 ያላነሱ ሰዎች ሞተዋል። በኖቬምበር 2019ም ከተማዋ ዳግም በጎርፍ ተጥለቅልቃለች። ደረቅ ሆኖ የምናውቀው ወንዝ ከሩቅ ተራራ በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላል። ወራጅ ውሃ ካያችሁ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ቢመስልም፣ በሞተር አትግቡ። የመጀመሪያው ካፊያ ደግሞ ለወራት የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ስለሚያሟሟ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ለዝናብ የሚሆን ርካሽ የፕላስቲክ ካፖርት መቀመጫው ሥር ማስቀመጥ ይበቃል።

ወደ አሊ አዴ ወይም ወደ ሆል ሆል የምትመላለሱ ሰዎች ከዝናብ ይልቅ ነፋሱን አስቡ። ግራንድ ባራ ሜዳ ላይ ምንም የሚከልል ነገር የለም፤ ቀላል ሞተርን ነፋሱ በጎን ይገፋዋል። ወደ አገራችን ጭነት የሚያመላልሱት ከባድ መኪናዎች ሲያልፉ መጀመሪያ ነፋሱን ይከልላሉ፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይለቁታል። ፍጥነት ቀንሱ፤ መሪውን ሳታጠብቁ ያዙ፤ ከተሳቢው ራቁ። ማታ ይቀዘቅዛል ብላችሁ በጨለማ አትውጡ፤ ግመል መብራት የለውም።

ወረቀቱ

አገር ቤት ሊብሬ የምንለው እዚህ ካርት ግሪዝ ይባላል። በሻጩ ስም መሆኑንና የሻሲ ቁጥሩ ከሞተሩ ጋር መግጠሙን ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ሳይኖር ስደተኛ በሞተር መንገድ ላይ ቢያዝ ወይም ሰው ቢገጭ የሚደርስበት ችግር ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል። ምን እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጉዳያችሁን የሚከታተለውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የሰደርያውን አሰፋፍ ማየት የሚፈልግ ልብስ ሰፊ፣ ወይም ሄልሜት ከመግዛቱ በፊት ልኩን ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከማታ ትምህርት በኋላ ሊያገኘኝ ይችላል። የእኔ ልክ 58 ነው፤ ለመሞከር ስትመጡ የራሳችሁን ሻሽ ይዛችሁ ኑ።